የሙቀት ምት ታካሚ ደም ምን ይላል? የጉዳቱን ክብደት ከላብራቶሪ ውጤት ማንበብ

የሙቀት ምት፣ ብዙዎቻችን በሥራ ላይ ሂት ስትሮክ የምንለው፣ በላብራቶሪ የሚታወቅ በሽታ አይደለም። የሰውነት የውስጥ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ወጥቶ ታካሚው ግራ ከተጋባ፣ ከቃዠ፣ ካንቀጠቀጠው ወይም ራሱን ከሳተ ነገሩ ታውቋል፤ ወዲያው ማቀዝቀዝ ነው። ደሙ የሚጠየቀው ሌላ ጥያቄ ነው፦ ሙቀቱ ጡንቻን፣ ጉበትን፣ ኩላሊትን፣ ልብንና የደም መርጋት ሥርዓቱን ምን ያህል ጎዳ? ጉዳቱስ ቆሟል ወይስ ገና እየገፋ ነው?

ውጤት ከማንበባችሁ በፊት አንድ ነገር ያዙ። እያንዳንዱ ምርመራ የራሱ ሰዓት አለው። ላክቴት (ጡንቻ ሲበረታ ወይም የደም ዝውውር ሲደክም የሚከማች ንጥረ ነገር) በደቂቃዎች ውስጥ ከፍ ይላል፤ ሲኬ (ከተጎዳ ጡንቻ የሚፈስስ ኢንዛይም) ሰዓታት ይፈልጋል፤ ኤኤልቲ (ከተጎዳ ጉበት የሚፈስስ ኢንዛይም) ጫፉ ላይ የሚደርሰው በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ነው፤ ፕላትሌትም (ደም የሚያረጋ ሴል) ወርዶ ወርዶ የሚያርፈው በዚያው ሰሞን ነው። ስለዚህ በገባበት ሰዓት የተቀዳው ደም ጤናማ ሆኖ ቢመጣ ታካሚው ቀላል ነው ማለት አይደለም። ጉበቱ ገና አልተናገረም ማለት ሊሆን ይችላል። በዚህ በሽታ ሰው የሚጎዳበት አንዱ ስህተት ይኸው ነው፤ የመጀመሪያው ውጤት «ኖርማል ነው» ተብሎ ታካሚው በዚያው ሌሊት ወደ ቤቱ ይላካል።

ናሙናው

ለደም ብላችሁ ማቀዝቀዙን አንዲት ደቂቃ አታቁሙ። ሙቀቱ በ30 ደቂቃ ውስጥ እንዲወርድ የሚደረገው ጥረት ከማንኛውም ምርመራ ይቀድማል። ታካሚው በቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ከተነከረ አንድ ክንዱ ከውኃው ውጭ ይሁን፤ ይደረቅ፤ መስመሩ በዚያ ይከፈትና ደሙ አብሮ ይቀዳ። ሙቀቱን የምትለኩት በፊንጢጣ ቴርሞሜትር ነው። የብብት፣ የጆሮና የግንባር ልኬት እዚህ ላይ ያታልላል። እያንዳንዱ ናሙና ሲቀዳ የነበረውን ሙቀትና ሰዓቱን በወረቀቱ ላይ ጻፉ፤ ሰዓት የሌለው ውጤት በዚህ በሽታ ግማሽ ውጤት ነው።

ሴረም (በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽ) በሚነዳበት ክንድ ላይ ከመስመሩ በላይ አትቅዱ። በሴረሙ የተበረዘ ደም ሶዲየሙ ወደ ሴረሙ ይጠጋል፤ ፖታሺየም፣ ፕላትሌትና ሄሞግሎቢን ደግሞ ሳይወርዱ የወረዱ ይመስላሉ። ቱርኒኬቱን ከአንድ ደቂቃ በላይ አታቆዩት፤ ታካሚውንም ጨብጥ፣ ዘርጋ አትበሉት፤ ፖታሺየምን በሐሰት ከፍ ያደርጋል። በቀዝቃዛ ክንድ ላይ ደም ሥሩ ስለሚኮማተር በቀጭን መርፌ በኃይል መሳብ ይመጣል፤ ያን ጊዜ ቀይ ሴሎች ይሰበራሉ፤ ፖታሺየም፣ ኤልዲኤችና ኤኤስቲ (ሁለቱ ከተሰበረ ሴል የሚፈስሱ ኢንዛይሞች ናቸው) ሦስቱም አብረው ይዋሻሉ።

ለደም መርጋት ምርመራ የሚሆነው ሰማያዊ ክዳን ያለው ቲዩብ እስከ መስመሩ ድረስ መሙላት አለበት። መጠኑ ዘጠኝ እጅ ደም ለአንድ እጅ ሲትሬት ነው፤ 0.3 ሚሊሊትር ሲትሬት ያለበት ቲዩብ 2.7 ሚሊሊትር ደም ይፈልጋል። ከጎደለ ሲትሬቱ ይበዛና ፒቲ (ደሙ ለመርጋት የሚወስደው ጊዜ) በሐሰት ይረዝማል። በሙቀት ምት ላይ ደግሞ የተለየ ወጥመድ አለ፦ ታካሚው ውኃው አልቆ ሄማቶክሪቱ (በደሙ ውስጥ የቀይ ሴሎች ድርሻ) ከ55 በመቶ በላይ ከሆነ ቲዩቡ በትክክል ቢሞላም ፕላዝማው ያንሳል፤ ሲትሬቱ ለፕላዝማው ይበዛል፤ ውጤቱ አሁንም የረዘመ ይመስላል። እንዲህ ሲሆን ላብራቶሪው የሲትሬቱን መጠን ቀንሶ አዲስ ናሙና ይጠይቃል። ሄፓሪን (ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒት) ከገባበት መስመር ለዚህ ምርመራ ደም አይቀዳም።

ላክቴት ግራጫ ክዳን ባለው የፍሎራይድ ቲዩብ ይሂድ፤ ወይም እዚያው በደም ጋዝ ማሽኑ በ15 ደቂቃ ውስጥ ይነበብ። በተራ ቲዩብ ከቆየ ሴሎቹ ስኳሩን እየበሉ ላክቴት ይሠራሉ፤ ስኳር ይወርዳል፤ ላክቴት ይወጣል። አሞኒያ ከታዘዘ በበረዶ ላይ ሆኖ ወዲያው ይሮጥበት።

የደም ጋዝ ማሽን ናሙናውን በ37 ዲግሪ አሙቆ ነው የሚለካው። ታካሚው 41 ዲግሪ ላይ ከሆነ በሰውነቱ ውስጥ ያለው የካርቦን ዳይኦክሳይድ ግፊት ማሽኑ ከሚያሳየው ከፍ ይላል፤ ፒኤች (የደሙ የአሲድነት መለኪያ) ደግሞ በየዲግሪው ወደ 0.015 ገደማ ዝቅ ይላል። በታካሚው ሙቀት ይስተካከል ወይስ በ37 ይነበብ የሚለው ክርክር አይዛችሁ። ዋናው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በአንድ መንገድ ማንበብ ነው። አንዱ ተረኛ አስተካክሎ፣ ቀጣዩ ሳያስተካክል ካነበበ ለውጡ የታካሚው ሳይሆን የአነባበቡ ይሆናል።

የመጀመሪያው ሰዓት

ከጣት ጫፍ የሚወሰደው ስኳር ይቀድማል። ከ70 ሚሊግራም በዴሲሊትር በታች ከሆነ ይታከማል፤ ራስን መሳቱ በከፊል ከዚያ ሊሆን ይችላል።

ሶዲየም ሕክምናውን ሊገለብጥ የሚችል ቁጥር ነው። ረጅም ሩጫ ሮጦ ውኃ ያበዛ ሰው ግራ ተጋብቶ ሲመጣ ሶዲየሙ ከ130 ሚሊሞል በሊትር በታች ወርዶ ሊገኝ ይችላል። ለእንዲህ ያለው ታካሚ ሴረም በጅምላ መንዳት አንጎሉን ማሳበጥ ነው፤ ከባድ ምልክት ካለው 3 በመቶ ሶዲየም ክሎራይድ 100 ሚሊሊትር በ10 ደቂቃ ይሰጣል፤ ካልተሻለው ይደገማል። በተቃራኒው ሙቀት በበረታበት ቤት ውስጥ ለቀናት የቆዩ አረጋዊ ሶዲየማቸው ከ145 በላይ ሆኖ ይመጣሉ፤ እሳቸው ውኃ አጥተዋል።

ፖታሺየም መጀመሪያ ዝቅ ብሎ መምጣቱ የተለመደ ነው፤ በላብና በፈጣን ትንፋሽ ይወርዳል። እዚህ ላይ አትቸኩሉ። ጡንቻው እየፈረሰ ከሆነ በሰዓታት ውስጥ ራሱ ይወጣል፤ የጨመራችሁት ፖታሺየም በዚያ ላይ ይደረባል። ከ6.0 በላይ ከሆነ ወይም ኢሲጂው (የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ) ላይ ቲ ሞገዱ ሾል ብሎ ከወጣ ግን ለልብ የሚሆነው ካልሲየም ሳይዘገይ ይሰጣል።

ላክቴትን ታካሚው እንዴት እንደታመመ ሳታውቁ አታንብቡት። ከሩጫ ወይም ከከባድ ሥራ ላይ የወደቀ ወጣት ላክቴቱ በጣም ከፍ ብሎ ሊመጣ ይችላል፤ አብዛኛው የጡንቻ ሥራ ውጤት ነውና ሲቀዘቅዝና ሲያርፍ ቶሎ ይወርዳል። ቁጭ ብለው ሳሉ ሙቀት የመታቸው አረጋዊ ላይ ያው ቁጥር የደም ዝውውር መድከም ምልክት ነው። ለሁለቱም የሚያስፈራው አንድ ነው፦ ሙቀቱ ከ39 በታች ወርዶ፣ ፈሳሽ ገብቶ፣ ከሁለት እስከ አራት ሰዓት በኋላ ሲደገም ከ4 ሚሊሞል በሊትር ያልወረደ ላክቴት።

ጡንቻ፦ ሲኬና ማዮግሎቢን

ሲኬ ጉዳቱ ከደረሰ ከ2 እስከ 12 ሰዓት ውስጥ መውጣት ይጀምርና ከ24 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ ጫፉ ላይ ይደርሳል። ከ1,000 ዩኒት በሊትር በላይ ራብዶማዮላይሲስ (የጡንቻ መፍረስ) ይባላል፤ ከ5,000 በላይ ሲሆን የኩላሊት አደጋ ከልብ ይታሰባል። ይሁንና ጤነኛ የማራቶን ሯጭም ከውድድር በኋላ በሺዎች የሚቆጠር ሲኬ ሊኖረው ይችላል። ስለዚህ ሮጦ በታመመ ሰው ላይ ሲኬን ለብቻው አትፍረዱበት፤ ከፖታሺየም፣ የኩላሊት ሥራ ከሚታይበት ከክሬአቲኒንና ከሽንቱ ጋር አስተያዩት። ሳይንቀሳቀሱ በታመሙ አረጋዊ ላይ ግን ሲኬ ብዙ ጊዜ እንዲህ አይወጣም፤ ከወጣ ክብደቱ ይበልጣል፤ ወለል ላይ ወድቀው ለረጅም ሰዓት ቆይተው እንደሆነም ጠይቁ።

ማዮግሎቢን (ከተጎዳ ጡንቻ የሚፈስስ ፕሮቲን) ከሲኬ ቀድሞ ከፍ ይላል፤ ቀድሞም ይጠፋል፤ ግማሹ በ2 እና 3 ሰዓት ውስጥ ከደም ይጠፋል። ዘግይቶ የመጣ ታካሚ ማዮግሎቢኑ ዝቅ ቢል ጡንቻው ደህና ነው አያሰኝም።

ውድ ምርመራ ሳይኖር በዓይን የሚታይ ነገርም አለ። ቲዩቡን ከሴንትሪፉጅ አውጥታችሁ ወደ ብርሃን ያዙት። ከሴሎቹ በላይ የተቀመጠው ፕላዝማ ሮዝ ወይም ቀላ ያለ ከሆነ ቀይ ሴል ተሰብሯል፤ በአቀዳድ ስህተት ወይም በሰውነት ውስጥ። ፕላዝማው እንደ ወትሮው ገርጣ ያለ ቢጫ ሆኖ ሳለ ሽንቱ የጠቆረ ሻይ ከመሰለ ግን ማዮግሎቢን ነው፤ ትንሽ ፕሮቲን ስለሆነ ደሙን ሳያቀላ በኩላሊት ያልፋል። የሽንት ዲፕስቲክ «ደም አለ» ይላል፤ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ግን ቀይ ሴል አይገኝም ወይም ጥቂት ነው።

አንዳንድ ማሽን ሲኬ ከልኩ በላይ ሲሆን «ከዚህ ይበልጣል» ብሎ ያቆማል። በዚያ አትርኩ፤ ናሙናው ተበርዞ እንዲደገም ጠይቁ፤ ካልሆነ ነገ መውረዱን የምታመሳክሩበት ቁጥር አይኖራችሁም። ጫፉን ካለፈ በኋላ ሲኬ በየቀኑ በግማሽ አካባቢ መውረድ አለበት። ባለበት ከቆመ ወይም ወርዶ ሳለ እንደገና ከወጣ እጅና እግሩን ዳስሱ፤ የጠጠረ፣ ሲነካና ሲዘረጋ ክፉኛ የሚያም ጡንቻ ውስጡ ታፍኗል ማለት ሊሆን ይችላል፤ ያ የቀዶ ሕክምና ባለሙያ ጥሪ ነው።

ካልሲየም በመጀመሪያ ቀናት ይወርዳል፤ ወደ ተጎዳው ጡንቻ ስለሚገባ። የጡንቻ መኮማተር፣ መንቀጥቀጥ ወይም የልብ ምት መዛባት ከሌለና ፖታሺየሙ ካላስገደደ አትሙሉት። ጡንቻው ሲያገግም ያው ካልሲየም ወደ ደም ይመለሳል፤ የተሞላው ታካሚ ያን ጊዜ ከልክ በላይ ይወጣበታል።

ጉበት

ኤኤስቲ ከጡንቻም ስለሚመጣ ሲኬ ከፍ ባለበት ብቻውን ስለ ጉበት አይመሰክርም። ኤኤልቲ፣ ቢሊሩቢን (ጉበት የሚያስወግደው ቢጫ ንጥረ ነገር) እና አይኤንአር (ከፒቲ የሚሰላ የመርጋት መለኪያ) አብረው ይታዩ። ሆኖም በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ኤኤስቲ ከ1,000 ካለፈ የአካላት ጉዳት የሚከብድበት ታካሚ እንደሆነ አስቡ፤ ቦታው ጽኑ ሕሙማን ክፍል ነው።

በጣም የሚያሳስተው የሦስተኛው ቀን ውጤት ነው። ኤኤልቲ ከ6,000 ወደ 2,500 ወረደ ሲባል ሁሉም ደስ ይለዋል። አብሮ አይኤንአሩ ከ1.8 ወደ 3 ከወጣና ቢሊሩቢኑ እየጨመረ ከሆነ ግን ይህ ማገገም አይደለም፤ የሚፈስስ ኢንዛይም የቀረው ሴል አልቆ ነው። የጉበት ሥራ የሚለካው በአይኤንአር፣ በስኳርና በላክቴት ነው፤ ኤኤልቲ የሚናገረው ስለደረሰው ስብራት ብቻ ነው። በሁለተኛው ቀን ያለ ምክንያት ስኳር እየወረደ ካስቸገረ ያንኑ ጠርጥሩ። ትኩሳት ነው ብሎ ፓራሲታሞል መስጠት ከዚህ ጋር ይያያዛል፦ የሙቀት ምት ሙቀት በፓራሲታሞል አይወርድም፤ የተጎዳው ጉበት ላይ ግን ሸክም ይጨምራል።

የደም መርጋት

ለክብደቱ ከሁሉ ይበልጥ የማምንበት ክፍል ይህ ነው። ሙቀት የደም ሥሮችን የውስጥ ሽፋን ይጎዳል፤ መርጋት በየቦታው ይጀመራል፤ ፕላትሌትና የመርጊያ ፕሮቲኖች ያልቃሉ፤ ከዚያ መድማት ይከተላል። ዲአይሲ የሚባለው ይህ ነው። ፕላትሌት፣ ፒቲ፣ ፋይብሪኖጅን (አንዱ የመርጊያ ፕሮቲን) እና ዲ-ዳይመር (የረጋ ደም ሲሟሟ የሚቀር ስባሪ) በአንድ ሰዓት ተቀድተው አብረው ይላኩ።

ነጥብ አሰጣጡ ቀላል ነው። ፕላትሌት ከ100,000 በላይ ዜሮ፣ ከ50,000 እስከ 100,000 አንድ፣ ከ50,000 በታች ሁለት። ዲ-ዳይመር ካልጨመረ ዜሮ፣ በመጠኑ ከጨመረ ሁለት፣ በጣም ከጨመረ ሦስት። ፒቲ ከመደበኛው ከ3 ሴኮንድ በታች ከረዘመ ዜሮ፣ ከ3 እስከ 6 አንድ፣ ከ6 በላይ ሁለት። ፋይብሪኖጅን ከ1 ግራም በሊትር በላይ ዜሮ፣ ከዚያ በታች አንድ። ድምሩ 5 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ግልጽ ዲአይሲ ነው። ለምሳሌ ፕላትሌት 68,000፣ ዲ-ዳይመር በጣም ከፍ ያለ፣ ፒቲ በ4 ሴኮንድ የረዘመ፣ ፋይብሪኖጅን 1.8 ቢሆን፦ 1 ሲደመር 3 ሲደመር 1 ሲደመር 0፣ አምስት። አንድም ቁጥር ለብቻው ሲታይ ያን ያህል አያስደነግጥም፤ ድምሩ ግን ያስደነግጣል።

ፋይብሪኖጅን በሰውነት መቆጣት ወቅት መጨመር የነበረበት ፕሮቲን ነው። ስለዚህ በጣም በታመመ ሰው ላይ «መደበኛ» ሆኖ መገኘቱ ራሱ እየተበላ እንደሆነ ሊጠቁም ይችላል። ዲ-ዳይመር ለብቻው ብዙ አይናገርም፤ በብዙ ሕመም ይጨምራል። ፕላትሌትን በመውረጃው ፍጥነት አንብቡት፤ 210፣ ከ6 ሰዓት በኋላ 150፣ ከ12 ሰዓት በኋላ 105 ሺህ የሚል ተከታታይ ከአንድ የቆመ 95 ሺህ ይልቅ ያሳስባል። በድንገት በጣም ከወረደና ታካሚው ደህና ከመሰለ ቲዩቡ ውስጥ ረግቶ እንደሆነ ይታይ፤ የደም ስላይድ ላይ የተጣበቀ የፕላትሌት ክምር ከታየም በሲትሬት ቲዩብ ይደገም።

አይኤንአር የወጣው በዲአይሲ ነው ወይስ በጉበት? ፋክተር ስምንት የሚባለውን የመርጊያ ፕሮቲን መለካት ከተቻለ ይለያል፤ በዲአይሲ ይወርዳል፤ በጉበት ድካም መደበኛ ወይም ከፍ ያለ ነው። በተግባር ሁለቱ አብረው የሚመጡበት ጊዜ ብዙ ነው። ቁጥሩን ለማሳመር ብላችሁ ፕላትሌትና ፕላዝማ አትስጡ። የሚደማ ታካሚ ፕላትሌቱ ከ50,000፣ ፋይብሪኖጅኑ ከ1.5 ግራም በሊትር በታች ሲሆን ነው መተካቱ የሚታሰበው።

ኩላሊት፣ ልብ፣ ነጭ ሴል

ክሬአቲኒን በ48 ሰዓት ውስጥ በ0.3 ሚሊግራም በዴሲሊትር ከጨመረ ወይም ከቀድሞው 1.5 እጥፍ ከሆነ የኩላሊት ጉዳት ተጀምሯል። ሽንት ግን ቀድሞ ይናገራል፤ ለ6 ሰዓት በሰዓት ከ0.5 ሚሊሊትር በኪሎ በታች ከሆነ ክሬአቲኒኑ ገና ሳይወጣ ማወቅ ይቻላል። ካቴተር ይግባ፤ ሽንቱ በየሰዓቱ ይለካ። እንደ ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ያሉ የሕመም ማስታገሻዎች እዚህ ቦታ የላቸውም።

ትሮፖኒን (የልብ ጡንቻ ሲጎዳ ወደ ደም የሚገባ ፕሮቲን) ከፍ ብሎ መገኘቱ ብዙ ጊዜ የልብ ደም ሥር ተዘጋ ማለት አይደለም፤ ሙቀቱና የደም ግፊት መውረዱ የልብ ጡንቻውን ጎድተውት ነው። ከ3 እስከ 6 ሰዓት ባለው ይደገም፤ ከኢሲጂ ጋር ይታይ።

ነጭ ሴልና ፕሮካልሲቶኒን (ኢንፌክሽን ለመጠርጠር የሚለካ የደም ምልክት) ያለ ኢንፌክሽንም ይጨምራሉ፤ ፕሮካልሲቶኒን ወጣ ብሎ ሴፕሲስ (መላ ሰውነትን ያወከ ኢንፌክሽን) ነው ብሎ መደምደም አይቻልም፤ አንገት የሚገተርና ሌላ ምልክት ካለ ግን መመርመሩ አይቀርም። ስላይዱን የሚያይ የላብራቶሪ ባለሙያ ኒውትሮፊሎቹን (አንድ የነጭ ሴል ዓይነት) በደንብ ይመልከታቸው፦ ኒውክሊየሳቸው እንደ ወይን ዘለላ ከአንድ መሃል ዙሪያውን የተንጠለጠለ ከሆነ ሙቀት የሠራው ነው። ታካሚው ከየት እንደተገኘ በማይታወቅበት ጊዜ ይህ ትልቅ ፍንጭ ነው።

ኢንተርሉኪን-6፣ ሲንዴካን-1፣ ትሮምቦሞዱሊንና በደም የሚዞሩ ሂስቶኖች የሚባሉ ፕሮቲኖች ከክብደቱ ጋር እንደሚያያዙ በምርምር ታይቷል። የዕለት ሥራችሁ ግን በእነሱ ላይ አይቆምም።

መቼ ይደገም፣ ምን ይወሰን

ሙሉው ዝርዝር ማለትም ሲቢሲ (የደም ሴሎች ቆጠራ)፣ አርኤፍቲ (የኩላሊት ምርመራ)፣ ኤልኤፍቲ (የጉበት ምርመራ)፣ ኤሌክትሮላይት፣ ሲኬ፣ የመርጋት ምርመራ፣ ትሮፖኒንና ጋዝ ከላክቴት ጋር በገባበት ሰዓት ይላካል። ከዚያ በ6፣ በ12 እና በ24 ሰዓት ይደገማል፤ ቀጥሎ በየቀኑ እስከ 72 ሰዓት። ፖታሺየምና ጋዝ ካስፈሩ በየ2 እና 4 ሰዓቱ። በአንድ ሉህ ላይ ሰዓቱን በረድፍ፣ ምርመራውን በዓምድ አድርጋችሁ ጻፉት፤ ተበትኖ በየወረቀቱ ያለ ቁጥር አቅጣጫ አያሳይም።

ከሚከተሉት አንዱ እንኳ ቢገኝ ታካሚው ጽኑ ሕሙማን ክፍል ይግባ፦ ቀዝቅዞም ያልነቃ አንጎል፣ የማይወርድ ላክቴት፣ የዲአይሲ ነጥብ 5፣ ፕላትሌት ከ100,000 በታች ሆኖ እየወረደ፣ ቢሊሩቢን ወይም ክሬአቲኒን 2 ሚሊግራም በዴሲሊትር የደረሰ፣ የመጀመሪያ ቀን ኤኤስቲ ከ1,000 ያለፈ። ሁለትና ሦስት አካል አብረው ከተጎዱና ባላችሁበት ቦታ የማከም አቅም ከሌለ የመላኩ ስልክ ዛሬ ይደወል፤ ነገ የሚደማ ታካሚን በመኪና ማንቀሳቀስ ከባድ ነው።

ታካሚው ነቅቶ፣ በልቶ፣ የሚሄድ ቢሆንም ቢያንስ የ24 ሰዓቱ ኤኤልቲ፣ ፕላትሌትና አይኤንአር ሳይታይ አይውጣ። ከወጣ በኋላ በሳምንት ገደማ ሲኬ፣ ጉበትና ኩላሊቱ ይደገሙ። ቢያንስ ለ7 ቀን ከባድ እንቅስቃሴ አያድርግ፤ ቁጥሮቹ ወደ ቦታቸው ካልተመለሱም ከዚያ በኋላ ቢሆን በሙቀት ውስጥ ልምምድ አይጀምር።